ቴስቶስቴሮኔ 2.4 ተባለ፤ ይህን የላብራቶሪ ወረቀት እንዴት ላንብበው?

ፈረቃ34

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። 34 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ ልጅ ገና አልወለድንም፣ እያሰብንበት ነው። ከክረምቱ ወዲህ ድካም አልለቀቀኝም። የወሲብ ፍላጎቴም ቀንሷል። ለሰው ማውራት ስለከበደኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁና «አጠቃላይ ምርመራ ከወንድ ሆርሞን ጋር» ብዬ ደም ሰጠሁ። የሌሊት ፈረቃ ሳምንቴ ስለነበር የሄድኩት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ነው። የሆርሞኑ ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ነው የመጣው። ወረቀቱን ሲሰጡኝ «ትንሽ ዝቅ ብሏል» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ ያስረዳኝ የለም።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ቶታል ቴስቶስቴሮን 2.4፤ አጠገቡ ኖርማሉ ከ2.49 እስከ 8.36 ይላል። ሄሞግሎቢን 17.1፣ ሄማቶክሪት 51። ነጭ የደም ሴል 3.4፣ የዝቅተኛ ምልክት ተደርጎበታል። ስኳር 112። ትራይግሊሰራይድ 240። ኤስጂፒቲ የሚሉት የጉበት ምርመራ 58። ክሬቲኒን 1.1።

ኢንተርኔት ላይ ሳነብ የወንድ ሆርሞን ከ300 እስከ 1000 ነው ይላል። የኔ 2.4! ከዚያ ወዲህ ጭንቀት ነው። ጂም የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ የቴስቶስቴሮን መርፌ ጀምር እያለኝ ነው። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

የላብራቶሪ ሰው

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። 2.4 እና 300 የተለኩት በአንድ ዓይነት መለኪያ አይደለም። ያንተ ወረቀት ላይ ያለው ናኖግራም በሚሊሊትር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየኸው ናኖግራም በዴሲሊትር ነው። አንድ ዴሲሊትር 100 ሚሊሊትር ስለሆነ ያንተ 2.4 እዚያኛው መለኪያ ላይ 240 ይሆናል። ናኖሞል በሊትር ብለው የሚጽፉ ላብራቶሪዎችም አሉ፤ በእነሱ 8.3 አካባቢ ይወጣል። ሦስቱም አንድ ውጤት ናቸው። ቁጥር ከማነጻጸራችን በፊት አጠገቡ የተጻፈውን መለኪያ ማየት አለብን። እኛ ጋ ሰው በየቀኑ የሚደነግጠው በዚህ ነው።

240 ዝቅ ያለ ነው፣ አልደብቅህም። ግን ይህ ደም የተቀዳበትን ሁኔታ እየው። ቴስቶስቴሮን ቀኑን ሙሉ እኩል አይሆንም። ከእንቅልፍ ስንነሳ ከፍ ይላል፣ እየዋለ ይወርዳል። በተለይ በወጣት ላይ የጠዋቱና የማታው ልዩነት ሰፊ ነው። የኖርማል ቁጥሮቹም በአብዛኛው በጠዋት ደም ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ናቸው። አንተ ደግሞ 10 ሰዓት ላይ፣ ያውም በሌሊት ፈረቃ ሳምንት ነው የሰጠኸው። ምግብም ለጊዜው ያወርደዋል። ምሳ በልተህ ነበር?

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በባዶ ሆድ፣ በተለያዩ ሁለት ቀናት ይለካል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ያኔ «ዝቅተኛ» ይባላል። ከተቻለ ሁለቱም አንድ ላብራቶሪ ይሠሩ፤ ማሽንና ኪት ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል።

ብረት አንሺ

ወንድም፣ እኔ ከልቤ ነው የምነግርህ። በዚህ ዕድሜ 240 ይዘህ አትቆይ። የማውቃቸው ልጆች መርፌ ጀምረው በጥቂት ሳምንት ጉልበታቸውም ስሜታቸውም ተመልሷል። ሐኪም ቤት ብዙ ያመላልሱሃል።

ሐኪም ዘሸዋ

ብረት አንሺ፣ ለወንድምህ ማሰብህን አደንቃለሁ። መርፌው ጉልበት እንደሚሰጥም አልክድም። ግን ጠያቂው ልጅ እየፈለጉ እንደሆነ ነግሮናል። ለእሱ ይህ መርፌ ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዘር ፍሬ በራሱ አይሠራም። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች ትልካለች። ኤልኤች ቴስቶስቴሮን ያስመርታል። ኤፍኤስኤች ለዘር ምርት ያስፈልጋል። ከውጭ ቴስቶስቴሮን ሲገባ አንጎል «ሞልቷል» ብሎ ሁለቱንም ያቆማል። የዘር ፍሬ ውስጥ ያለው ቴስቶስቴሮን ይወድቃል፣ የዘር ምርት ይቀንሳል፣ ብዙዎች ላይ እስከ ዜሮ ይደርሳል። ደም ውስጥ ያለው ቁጥር ግን እያማረ ይሄዳል። ሰውየው ወረቀቱን አይቶ ይደሰታል፣ ልጅ ግን አይመጣም። ባልና ሚስት ተያይዘው ሲመጡና ጥፋቱ በሚስትየው ላይ ሲለጠፍ አይቻለሁ። ያናድደኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሄማቶክሪቱ ነው፤ ቀይ የደም ሴል ከደሙ ስንት በመቶውን እንደያዘ የሚያሳየው ቁጥር ማለት ነው። ያንተ 51 ነው። መርፌው ደምን ያወፍራል፣ ይህን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። የሆርሞን ሐኪሞች መመሪያ ከ48 በላይ ለሆነ ሰው አትጀምሩ ይላል፤ እንደኛ ከፍታ ላይ ለሚኖር 50 ድረስ ይታገሳል። ሕክምናው ላይ ያለ ሰው 54 ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል። ጠያቂያችን ሳይጀምር ከወሰኑ አልፏል። ጂም ውስጥ መርፌ የሚሰጥ ሰው ሄማቶክሪት አይጠይቅም።

አሁን ላንተ፣ ፈረቃ34። ሁለተኛው ምርመራ የጠዋት ፈረቃ ላይ በሆንክበት ሳምንት ይሁን፤ ሌሊት ለጥቂት ቀናት በደንብ ከተኛህ በኋላ። ቴስቶስቴሮን የሚከተለው እንቅልፍን ነው። ሁልጊዜ ሌሊት ለሚሠራ ሰው «ጠዋት» ማለት ከእንቅልፉ የተነሳበት ሰዓት ነው። ድጋሚ ዝቅ ካለ ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤች እና ፕሮላክቲን የሚባለው ሌላው የፒቱታሪ ሆርሞን አብረው ይታዘዙ። ኤልኤች ከፍ ብሎ ቴስቶስቴሮን ዝቅ ካለ ችግሩ የዘር ፍሬው ጋ ነው። አለቃ እየጮኸ ሠራተኛው አልሠራም ማለት ነው። በወጣትነት ጆሮ ደግፍ ይዞት የዘር ፍሬው ያበጠ ሰው ላይ ይህን እናያለን። ኤልኤች ዝቅ ካለ ወይም ዝም ብሎ መሐል ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ጉዳዩ ከላይ፣ ከአንጎል በኩል ነው። «ኤልኤች ኖርማል ነው» ብለህ እንዳትዘናጋ። ቴስቶስቴሮን ሲወርድ ኤልኤች መነሳት ነበረበት፤ ኖርማል ሆኖ መቅረቱ ራሱ ምልክት ነው።

ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅህ። ስትተኛ ታንኮራፋለህ? ክብደትህ ጨምሯል? ጠዋት ስትነሳ የብልት መቆም አለ ወይስ ጠፍቷል? ትራማዶል ወይም ሌላ ጠንካራ ማስታገሻ ትወስዳለህ? መጠጥስ?

ፈረቃ34

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። የላብራቶሪው ወንድሜም አመሰግናለሁ፤ የመለኪያውን ነገር የነገረኝ አልነበረም። አዎ፣ ምሳ በልቼ ነበር። መድኃኒት አልወስድም። ጠላና አረቄ ቅዳሜና እሑድ እጠጣለሁ፣ ከጓደኞች ጋር ሲሆን በዛ ይላል። ቦርጭ አውጥቻለሁ። ጠዋት መቆሙ አለ፣ እንደ ድሮው ባይሆንም። ስለ ማንኮራፋቱ ባለቤቴን ጠየቅኳት። «አንዳንዴ ትንፋሽህ ቆም ይልና እደነግጣለሁ» አለችኝ። ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር።

የመሐል ሜዳ እናት

ወንድሞቼ፣ ሴት ሆኜ በመግባቴ አትቀየሙኝ። የኔም ባለቤት እንዲህ ሆኖ ነበር። ስሜቱ ጠፋ፣ ተናደደ፣ ከኔም ራቀ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ስለ ሆርሞን ነበር። በመጨረሻ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። ሆርሞኑ ደህና ነበር። ስኳሩን ሲቆጣጠር ቀስ በቀስ ተሻለው። ፈረቃ34፣ ያንተን ስኳር 112 ሳይ ልቤ እዚያ ሄደ። ባለቤትህ የምትለውንም ስማት። ሌሊት ትንፋሽህን የምትሰማው እሷ ናት።

ሐኪም ዘሸዋ

እህቴ፣ እንኳን ገባሽ። የነገርሽን ነገር ቁም ነገር ነው። ስንፈተ ወሲብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሆርሞን ሳይሆን ከደም ሥር ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ኮሌስትሮል የብልትን ደም ሥር ቀድመው ይጎዳሉ፤ ቀጭን ስለሆነ። ስንፈቱ ከልብ ሕመም በጥቂት ዓመታት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ አንድ ወንድ በዚህ ጉዳይ ሲመጣ ደም ግፊቱን መለካትና ስኳሩን ማየት ግዴታ ነው።

ስለ 112። ምሳ ከበላህ በኋላ ከሆነ በዚህ ቁጥር ስኳር አለህም የለህም ማለት አይቻልም። በባዶ ሆድ ቢሆን ኖሮ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባል ነበር። 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከተገኘ ስኳር ነው። ጠዋት ስትሄድ በባዶ ሆድ አሠራው። ኤችቢኤዋንሲም ጨምርበት፤ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል፣ 6.5 እና በላይ ስኳር ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ግን ይህ ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል ሁለቱን አብሮ ማየት ጥሩ ነው።

ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብም ከምግብ በኋላ ይወጣል፤ እሱም ይደገም። ኤስጂፒቲ 58 ከቦርጭና ከአረቄ ጋር ሲታይ የጉበት ስብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሄፓታይተስ ቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ስላለ ሳይመረመሩ «አረቄ ነው» ብሎ ማለፍ አልወድም። ከባድ ስፖርት የሠራም ሰው ላይ ለጥቂት ቀናት ይጨምራል። የኩላሊት ምርመራው፣ ክሬቲኒንህ፣ ደህና ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ማንኮራፋቱ ነው። ሌሊት ትንፋሽ እየተቆራረጠ የሚተኛ ሰው ቀን ይደክመዋል፣ ሄማቶክሪቱ ሊጨምር ይችላል፣ ቴስቶስቴሮኑም ሊወርድ ይችላል፣ ደም ግፊቱም ይወጣል። የነገርከን ምልክት ሁሉ እዚህ ሊገጣጠም ይችላል። መርፌው ደግሞ ይህን ችግር ሊያባብስ ይችላል። ቦርጭም ብቻውን ቴስቶስቴሮን ያወርዳል። ስብ ቴስቶስቴሮንን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። ሆርሞኑን ተሸክሞ የሚዞረው ኤስኤችቢጂ የሚባል ፕሮቲንም ስለሚቀንስ ቶታሉ ያለውን ያህል አያሳይም። ስለዚህ ሁለተኛው ውጤት ድንበሩ ላይ ከዋለ ኤስኤችቢጂ ታዝዞ ነፃው ቴስቶስቴሮን ይሰላ። ቀጥታ «ፍሪ ቴስቶስቴሮን» ብለው በርካሽ ኪት የሚለኩት ብዙም አይታመንም።

የላብራቶሪ ሰው

ስለ ሌሎቹ ሁለት ቁጥሮች እኔ ልጨምር።

ነጭ የደም ሴል 3.4 ሺህ ሲባል ሰው ካንሰር ወይም ኤችአይቪ ነው ብሎ ይጨነቃል። ከ4 እስከ 10 የሚለው መስመር በአብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ላይ የተሠራ ነው። ብዙ አፍሪካውያን፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ዳፊ የሚባለው መለያ በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የለም። እነዚህ ሰዎች ደማቸው ውስጥ የሚታየው ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፤ ለኢንፌክሽን ግን አያጋልጣቸውም። ስለዚህ ሌላው ሴል ደህና ከሆነ፣ ሰውየው በየጊዜው ካልታመመ፣ የድሮ ወረቀቱም ላይ ተመሳሳይ ከሆነ ጤነኛ ነው። የድሮ ውጤታችሁን አትጣሉ። ለሐኪም ከኖርማል ሬንጅ ይልቅ የራሳችሁ ያለፈ ቁጥር ይጠቅመዋል። ከዚያው ሲቢሲ ከሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ላይ ኢዮሲኖፊል የሚለውን ሌላ የነጭ ሴል ዓይነትም እዩት፤ ከፍ ካለ የአንጀት ትላትል ሊሆን ስለሚችል ሰገራ ይመርመር።

ሄሞግሎቢን ላይ ደግሞ እኛ ደጋ ሰዎች «ብርዱና ከፍታው ነው» እንላለን። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ነገሩ እውነት ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅትም የደም ማነስን ሲለይ ለከፍታ ማስተካከያ ያደርጋል። ነገር ግን የኛ ደገኛ የተለየ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ ነበር። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9 ነው፣ ማለትም ባሕር ጠረፍ አካባቢ ካለ ሰው ብዙም አይለይም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን በጣም ከፍ ይልባቸዋል። ስለዚህ አንድ የመንዝ ሰው 18 ይዞ ሲመጣ «ደገኛ ስለሆነ ነው» ብሎ መሸኘት ተገቢ አይደለም። ሲጋራ፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የውኃ ማነስ መታየት አለባቸው።

ብረት አንሺ

ዶክተር፣ ስለ ዘሩ ያሉት ከባድ ነው። ታዲያ አሁን እየተወጋ ያለ ልጅ ምን ያድርግ? በአንዴ ይተው?

ሐኪም ዘሸዋ

ጥያቄህ ብዙ ልጆችን ይመለከታል። በአንዴ ብቻውን ቢተው የራሱ ምርት ወዲያው ስለማይነሳ ድካሙና የመንፈስ መውደቁ ይከብደዋል። ስለዚህ የውስጥ ደዌ ወይም የሆርሞን ስፔሻሊስት ጋ ይሂድ፤ ሳያፍር ምን እንደወሰደ፣ ስንት ጊዜ እንደወሰደ ይናገር። ሐኪም የሚፈርድበት ነገር የለም። የዘር ፈሳሽ፣ ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤች፣ ሄማቶክሪት ይታያል። አብዛኞቹ ይመለሳሉ። ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመት ያልፋል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከመሄዱ በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀብ። እሱም በአንድ ውጤት አይወሰንም።

ልጆቹን አንተ ስለምታውቃቸው ንገርልኝ። ካንተ ሲሰሙት ይቀበላሉ።

ብረት አንሺ

እነግራቸዋለሁ። ሁለቱ ያገቡ ናቸው።

የሸዋ ሮቢት ልጅ

እኔም ላስገባ። ወባ ይዞኝ ኮአርተም ጨርሼ በሳምንቱ ነው ሆርሞን የተመረመርኩት። ዝቅ አለ። ልጨነቅ?

ሐኪም ዘሸዋ

አትጨነቅ፣ ግን ድገመው። ትኩሳት ያለበት ማንኛውም ሕመም ቴስቶስቴሮንን ለጊዜው ይጥለዋል። ሰውነት ጉልበቱን ለሕመሙ ያውላል። በደንብ አገግመህ፣ መብላትና መተኛት ስትጀምር፣ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ጠዋት ላይ ተለካ። ወባው ቀይ ደምህንም ስለሚያጠፋ ሲቢሲህን አብረህ አሳይ።

ዲያቆን ዘአንኮበር

ስለ «ባዶ ሆድ» አንድ ጥያቄ አለኝ። በጾም ጊዜ እስከ 9 ሰዓት ውኃም አልቀምስም። በዚያው ሄጄ ብመረመር ይበልጥ ጥሩ አይሆንም?

የላብራቶሪ ሰው

ዲያቆን፣ ይህን የሚጠይቀን ሰው ብዙ ነው። ለምርመራ ባዶ ሆድ ማለት ከምርመራው በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ምግብ ሳይበሉ መቆየት ነው። ውኃ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይመከራል። ውኃ ያልጠጣ ሰው ደሙ ይወፍራል፣ ሄማቶክሪቱም ክሬቲኒኑም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ ለመርፌም ደም ሥሩ አይገኝም። እስከ 9 ሰዓት ከቆዩ ደግሞ የጠዋቱ ሆርሞን ያልፋል። ስለዚህ በጾም ቀን ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይምጡና ቶሎ ይጨርሱ። ማታ ውኃ በደንብ ይጠጡ። ከቻሉ ደግሞ ጾም ባልሆነ ቀን ቢያደርጉት ይቀላል። ስኳር ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ረጅም ሰዓት ሳይበላ ከመቆየቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሻይ በስኳር፣ ቡና፣ ማስቲካም ቢሆን ይቅር።

ሌላም ነገር። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ያለበትን ቫይታሚን የምትወስዱ ካላችሁ ከምርመራው በፊት ተናገሩ። አንዳንድ ማሽን ላይ የታይሮይድንም የቴስቶስቴሮንንም ውጤት ያዛባል።

ጋሼ ከደነባ

ልጆቼ፣ ስታስተምሩ ደስ ብሎኝ አነበብኩ። እኔ 61 ዓመቴ ነው። ሌሊት ለሽንት ደጋግሜ እነሳለሁ። ፒኤስኤ የሚባል ተመርምሬ 5.2 ወጣ። ጎረቤቴ ካንሰር ነው አለኝ። ያን ሰሞን ሽንቴን ያቃጥለኝ ነበር።

ሐኪም ዘሸዋ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። ጎረቤትዎ ቸኩለዋል። ፒኤስኤ ከፕሮስቴት እጢ የሚመነጭ ፕሮቲን ነው። ካንሰር ብቻ ሳይሆን በዕድሜ የሚመጣ የፕሮስቴት ማበጥም፣ የሽንት ኢንፌክሽንም፣ ካቴተር ማስገባትም ያስነሳዋል። ከምርመራው አንድ ሁለት ቀን በፊት የተደረገ ግንኙነት፣ ረጅም የብስክሌት ጉዞም እንዲሁ። ሽንትዎ እያቃጠለ የተሰጠ ደም ስለሆነ በዚህ ቁጥር ምንም አይወሰንም። መጀመሪያ ሽንትዎ ይመርመር፣ ኢንፌክሽን ካለ ይታከሙ። ከዚያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተው ፒኤስኤውን ይድገሙት። ያኔም ከ4 በላይ ከሆነ የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት፣ ዩሮሎጂስት የሚባለው፣ ይመርምርዎት። በጣት የሚደረገው ምርመራ አጭር ነው፣ አይፈሩት። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለዎት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ደም ካዩ ግን ሳምንት ሳይጠብቁ ወዲያው ይሂዱ።

ፊናስቴራይድ የሚባል የፕሮስቴት መድኃኒት ከጀመሩም ለሐኪሙ ይንገሩ። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ 3 የሚል ወረቀት ቢይዙ ሐኪሙ እንደ 6 አድርጎ ነው የሚያነበው።

ጋሼ ከደነባ

እግዜር ያክብርህ ልጄ። ለዚህኛውም ጠዋት በባዶ ሆድ ነው የምሄደው? ከደነባ ደብረ ብርሃን መኪና እስኪገኝ ይረፍዳል።

የላብራቶሪ ሰው

አይ ጋሼ፣ ፒኤስኤ ባዶ ሆድ አይፈልግም። ቁርስዎን በልተው፣ በመኪናው ሰዓት ይምጡ። የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ ይዘው ይምጡ።